ቱ ፎር ዲ በስንዴ ማሳ፦ መቼ፣ ስንት፣ እንዴት?

በሰሜን ሸዋ ደጋ ስንዴ ሲበቅል ብቻውን አይወጣም። መጩ፣ የዱር ጎመኑ፣ ቱልቱ፣ አሽክቱ አብሮት ብቅ ይላል። በእጅ እንዳይታረም ሰው የለም። ልጆቹ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ገብተዋል፣ የቀን ሠራተኛም ተወዷል። ስለዚህ አብዛኛው ገበሬ መርጫውን ያነሳል፤ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚገድለውን፣ ቱ ፎር ዲ የሚባለውን መድኃኒት ይረጫል። ነሐሴ ላይ ታዲያ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ «አረሙን ድራሹን አጠፋልኝ» ይላል። ሌላው ያንኑ መድኃኒት ከዚያው ሱቅ ገዝቶ «ውሃ ነው የሸጡልኝ» ይላል።

የተበረዘ መድኃኒት የለም አልልም፣ አለ። ግን ብዙ ጊዜ ልዩነቱን የሚያመጣው መድኃኒቱ አይደለም። አንዱ በትክክለኛው ቀን፣ በትክክለኛው ልክ ረጭቷል። ሌላው ቀኑን በወሬ፣ ልኩን በክዳን ወስኗል። ይህ ጽሑፍ ከሌላው ነገር ሁሉ ይልቅ በእነዚህ ሁለቱ ላይ ይቆያል።

መጀመሪያ ማሳው ውስጥ ይግቡ

ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ማሳዎን ከዳር ሳይሆን ከመሐል ይዩ። ከዳር የሚታየው አረም ከመንገድና ከድንበር የመጣ ነው፤ የውስጡን አይወክልም። አራት አምስት ቦታ ቁጢጥ ብለው ከስንዴው ጋር የበቀለውን ይለዩ።

ጥያቄው አንድ ነው፤ ሰፋፊ ቅጠል ነው ወይስ ሣር መሰል? መጭ፣ የዱር ጎመን፣ ቱልት፣ ጎርጠብ፣ አስተናግር፣ አሽክት ሰፋፊ ቅጠሎች ናቸው። ሲናር፣ ሙጃ፣ አሰንዳቦ፣ እንክርዳድ፣ ሰርዶ ደግሞ የሣር ወገን ናቸው። ስንዴም ራሱ ከሣር ወገን ነው። ለዚህ ነው ሰፋፊ ቅጠሉን የሚገድል መድኃኒት ስንዴውን የሚምረው። ሲናሩንም አብሮ የሚምረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ማሳዎ ውስጥ የበዛው ሲናርና ሙጃ ከሆነ ቱ ፎር ዲ ገዝተው ገንዘብዎን አያባክኑ። እንዲያውም ጉዳት አለው። ሰፋፊ ቅጠሉ ሲጸዳ ሣሩ ቦታ፣ ብርሃንና ማዳበሪያ ብቻውን ያገኛል። ለብዙ ዓመት ቱ ፎር ዲ ብቻ ሲረጭበት የኖረ የስንዴ መሬት ላይ ዛሬ ሲናር የሚነግሠው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ምን ልግዛ?

ቱ ፎር ዲ ወይም 2,4-ዲ የድሮ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ በዓለም ገበያ ላይ አለ። ርካሽ ነው፣ በየከተማው ይገኛል። ተክሉ ለማደግ የሚጠቀምበትን የራሱን ንጥረ ነገር ይመስላል። ሰፋፊ ቅጠሉ ይህን ሲጠጣ ያለ ሥርዓት ያድጋል፤ ግንዱ ይጠማዘዛል፣ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ በመጨረሻ ይሞታል። እኛ ዘንድ በብዛት የሚሸጠው አሚን የሚባለው ዓይነት ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ 720 ግራም የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል። ለዚህኛው የተለመደው ልክ በሄክታር 1 ሊትር ነው። ሌላ ቁጥር የተጻፈበት ከሆነ ልኩም ይለያል። የመጨረሻው ቃል የመለያ ወረቀቱ ነው።

መጭንና የዱር ጎመንን በደንብ ይጥላል። አሽክት ላይ ግን ደካማ ነው። አሽክት ማለት ያ ልብስ ላይ የሚጣበቀው፣ ስንዴው ላይ እየተጠመጠመ ወጥቶ አጨዳ ላይ እጅ የሚይዘው ነው። ማሳዎን የወረረው እሱ ከሆነ ፍሎራሱላም የሚባል ንጥረ ነገር ያለበትን መድኃኒት ይጠይቁ። ሣሩም ሰፋፊ ቅጠሉም ተቀላቅሎ ካስቸገረ ፓላስ 45 ኦዲ አለ፤ ልኩ በሄክታር ግማሽ ሊትር ነው። ዋጋው ከቱ ፎር ዲ በጣም ይበልጣል፣ ግን ሁለቱንም ወገን ይነካል። ፓላስ ከረጩ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ምስር ወይም ሌላ ጥራጥሬ ለመዝራት ካሰቡ ወረቀቱ ላይ ስለ ተከታይ ሰብል የተጻፈውን ያንብቡ።

ቶፒክ የሣር አረም መድኃኒት ነው። አንዳንድ ሰው ጊዜ ለመቆጠብ ቶፒክንና ቱ ፎር ዲን አንድ መርጫ ውስጥ ይቀላቅላል። አይቀላቅሉ። ቱ ፎር ዲው የቶፒኩን ጉልበት ይሰብረዋል፤ ሲናሩ ቢጫ ብሎ ተመልሶ ያገግማል። ሁለቱም ካስፈለጉ ቢያንስ በሳምንት ያራርቋቸው። ዋግ ለሚባለው የስንዴ በሽታ የሚረጨው መድኃኒትም ቢሆን ወረቀቱ ካልፈቀደ ከፀረ አረም ጋር አይደባለቅ።

በየዓመቱ አንድ ዓይነት መድኃኒት አይደጋግሙ። የንግድ ስሙን መቀየር ብቻውን መቀየር አይደለም፤ ፓላስና ግራንስታር የሚባለው ሌላ ፀረ አረም ለምሳሌ ስማቸው ቢለያይም አረሙን የሚመቱት በአንድ መንገድ ነው። ቱ ፎር ዲ በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። አረም መድኃኒት የሚለምደው በአንድ በኩል ብቻ ሲመታ ነው።

ሲገዙ ደግሞ የታሸገ ይግዙ። በሀይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ መድኃኒት በምንም ዋጋ አይውሰዱ። ምን እንደሆነ አያውቁም፣ ጊዜው ማለፉን አያውቁም፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። የምዝገባ ቁጥሩን፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን፣ ማሸጊያው አለመከፈቱን ይዩ። ደረሰኝ ይቀበሉ።

ስንዴው ደርሷል ወይ?

«በተዘራ በ30 ቀኑ ይረጫል» የሚባል ነገር አለ። ለመነሻ ያህል መጥፎ አይደለም፤ ከ25 እስከ 35 ቀን ባለው ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደርሳል። ግን ቆላ ወረድ ያለው ምንጃር ሸንኮራና ብርዱ የማይለቀው የደብረ ብርሃን ዙሪያ እኩል አያበቅሉም። ምንጃር ላይ በ25 ቀኑ የደረሰ ስንዴ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በ30 ቀኑም ገና ሦስት ቅጠል ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሳይሆን ስንዴውን ይቁጠሩ።

አንድ ስንዴ ከነሥሩ በጥንቃቄ ይንቀሉ። አፈሩን ያራግፉ። ዋናው ግንድ ላይ ያሉትን ቅጠሎች ይቁጠሩ፤ አራት ወይም አምስት የተዘረጉ ቅጠሎች ካሉት ጥሩ ነው። ከዚያ ከሥሩ አጠገብ ይዩ። ከዋናው ግንድ ጎን ሌላ ቀጭን ግንድ ወጥቷል? ያ ልጁ ነው። ልጅ ማውጣት ከጀመረ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው።

አሁን በሩ የሚዘጋበትን ይዩ። የዚያኑ ስንዴ ዋና ግንድ በምላጭ ከሥሩ ወደ ላይ ለሁለት ይሰንጥቁት። ውስጡ ለስላሳና የተደራረበ ቅጠል ብቻ ከሆነ ገና ጊዜ አለ። ከሥሩ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ጠጠር ያለ፣ አንጓ የመሰለ እብጠት ካገኙ ግን ስንዴው አገዳ መያዝ ጀምሯል። ምላጭ ከሌለዎት በሁለት ጣት ግንዱን ከታች ወደ ላይ እየጨመቁ ይሂዱ፤ አንጓው እንደ ትንሽ ዶቃ ይሰማዎታል። ይህን በአንድ ስንዴ ላይ ብቻ አይጨርሱ። ከተለያየ ቦታ አሥር ያህል ይንቀሉ። አብዛኞቹ አንጓ ከያዙ ቱ ፎር ዲን ይተዉት።

ይህን ያህል የማጠብቀው በምክንያት ነው። ልጅ ሳያወጣ የተረጨ ስንዴ ቅጠሉ እንደ ሽንኩርት ቅጠል ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ዛላውም ይጣመማል። አንጓ ከያዘ በኋላ የተረጨ ደግሞ ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። ኅዳር ላይ ሲወቃ ነው ጉዱ የሚወጣው፤ ዛላው አለ፣ ፍሬው የለም። ብዙዎች ይህን ውርጭ ነው የመታው ብለው ያልፉታል።

አረሙም የራሱ ዕድሜ አለው። ከሁለት እስከ አራት ቅጠል ያለው አረም ቶሎ ይሞታል። ጉልበት ላይ የደረሰና ሊያብብ ያሰበ መጭ ግን ተጣምሞ፣ ቢጫ ብሎ፣ ተመልሶ ሊያንሰራራ ይችላል። አረሙ ትንሽ፣ ስንዴው ልጅ ያወጣበት ጊዜ የሚገጥሙት ለጥቂት ቀናት ነው። በዚያ ላይ ሐምሌ ሲያልቅ በዓላቱ ይደራረባሉ፤ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ። በመሐል ዝናቡ አለ። ስለዚህ መድኃኒቱን፣ መርጫውን፣ ጓንቱን ቀድመው ያዘጋጁ። ቀኑ ሲመጣ መርጫ ሊዋሱ የሚዞሩ ከሆነ በሩ ይዘጋብዎታል።

ጥቁር አፈር ላይ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ ተኝቶበት ቢጫ የሆነ ስንዴ ላይ አይረጭም። ሥሩ ታፍኖ የተዳከመ ስንዴ መድኃኒቱን መቋቋም ይከብደዋል። መጀመሪያ ቦዩን ከፍተው ውሃውን ያንጣፉ፣ ስንዴው አረንጓዴነቱ ሲመለስ ይርጩ።

ልኩን በእግርዎ ይወቁ

ብዙ ሰው «ለአንድ መርጫ ስንት ክዳን?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን መልስ የለም። አንዱ ፈጥኖ ይራመዳል፣ ሌላው ቀስ ይላል። የአንዱ መርጫ አፈሙዝ፣ መድኃኒቱ የሚወጣበት ጫፍ ማለት ነው፣ አርጅቶ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ የሌላው አዲስ ነው። ሁለቱ እኩል ክዳን ቢያደርጉም ማሳው ላይ የሚያሳርፉት መድኃኒት አንድ አይሆንም። ክዳኑም ራሱ ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል።

መፍትሔው ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ከርጭቱ አንድ ቀን ቀድመው፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይሥሩት።

10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ በካስማ ይለዩ። ማሳው ራሱ ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ጭቃ ላይ መራመድና ሜዳ ላይ መራመድ አንድ አይደለም። መርጫው ውስጥ ውሃ ያድርጉና ውሃው የደረሰበትን ምልክት ያድርጉበት። አዝለው፣ እንደ ሁልጊዜው እየተራመዱና እጀታውን እየመቱ፣ ያንን ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ረጭተው ይጨርሱ። ከዚያ በሊትር መለኪያ እየለኩ እስከ ምልክቱ ድረስ መልሰው ይሙሉት። የገባው ውሃ ስንት ነው? በ100 ያባዙት። ለአንድ ሄክታር የሚሄድልዎ ውሃ ያ ነው። በ25 ካባዙት ደግሞ ለሩብ ሄክታር የሚሄደውን ያገኛሉ።

በምሳሌ እንየው። 2 ሊትር ገባ እንበል። በሄክታር 200 ሊትር ማለት ነው። መርጫዎ 16 ሊትር የሚይዝ ከሆነና መድኃኒቱ በሄክታር 1 ሊትር ወይም 1000 ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ 16ን በ1000 አባዝተው ለ200 ያካፍሉ። 80 ይመጣል። በአንድ መርጫ 80 ሚሊ ሊትር። ጎረቤትዎ ፈጥኖ የሚራመድ ሆኖ በዚያው ቦታ 1.6 ሊትር ብቻ ቢጨርስ፣ በሄክታር 160 ሊትር ነው የሚረጨው። እሱ በአንድ መርጫ 100 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል። የእርስዎን ልክ ቢዋስ አረሙን በከፊል ብቻ ይመታል። እርስዎ የእሱን ቢዋሱ ከሚገባው በላይ ይረጫሉ። መድኃኒቱ አንድ፣ ስንዴው አንድ፣ እግሩ ግን የየራስ ነው።

ከ150 ሊትር በታች ወይም ከ250 ሊትር በላይ ከወጣብዎ እርምጃዎን ወይም አፈሙዙን ያስተካክሉና እንደገና ይለኩ።

የመሬቱን ስፋትም በግምት አይያዙ። ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው ይባላል፣ ግን የአንዱ ጥማድ ከሌላው ይለያል። የይዞታ ደብተርዎ ላይ ስፋቱ በሄክታር ተጽፏል፤ እሱን ይጠቀሙ።

አፈሙዙ ከተቻለ ጠፍጣፋ፣ እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ የሚረጨው ይሁን። ክብ እየሠራ ደቃቅ ጉም የሚያወጣው ለተባይ መድኃኒት ይሻላል፤ ለፀረ አረም ግን ጉሙ በነፋስ ይሄዳል። በሽቦ ወይም በመርፌ የተጎረጎረ አፈሙዝ ቀዳዳው ስለሚበላሽ ይቀይሩት። ሲደፈን በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱት። በአፍ መንፋት የሚባል ነገር አይኖርም።

ቀኑና ሰዓቱ

በክረምት የእኛ አገር ዝናብ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ይመጣል። ጠዋቱ ነው የእርስዎ። ጤዛው ሲያንስ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አካባቢ ጀምረው 4 ሰዓት ላይ ቢጨርሱ ይመረጣል። አሚን የሚባለው ቱ ፎር ዲ ቅጠሉ ውስጥ እስኪገባ ከርጭቱ በኋላ ቢያንስ ለ4 ሰዓት፣ ቢሆንለት ለ6 ሰዓት ያህል ያለ ዝናብ መቆየት ይፈልጋል። ቅጠሉ ላይ ውሃ የሚንጠባጠብበት ጠዋት መድኃኒቱ አብሮ ይወርዳል። ጉም የተኛበት ቀንም ይለፍዎት።

ነፋሱን በጭስ ይዩ። ጭሱ ቀስ ብሎ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል ከሆነ ጥሩ ነው። ከተኛ ወይም ከተበታተነ አይርጩ። ቅጠልና ቀጫጭን ቅርንጫፍ ሲወዛወዝ ካዩ ለነገ ያስተላልፉት።

መልበስና መበጥበጥ

ቱ ፎር ዲ ዓይን ክፉኛ ይጎዳል። ከሁሉ በፊት መነጽር፣ ከዚያ የላስቲክ ጓንት። ሱሪው ከቦቲው በላይ ይውረድ፤ ቦቲ ውስጥ ከገባ የሚፈስሰው ሁሉ እግር ላይ ይጠራቀማል። ረጅም እጅጌ፣ ኮፍያ፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ። ጋቢ ወይም ፎጣ ደርበው አይርጩ፤ መድኃኒቱን መጥጦ ይይዝና ማታ እሱኑ ለብሰው ይተኛሉ።

የሚበጠበጠው ከቤት፣ ከጉድጓድና ከወንዝ ርቆ ነው። ልጆችና ነፍሰ ጡር ሴቶች አይቅረቡ። ውሃው ጭቃ ካለበት በጨርቅ ይጥለሉት፣ አለበለዚያ አፈሙዙን ይደፍናል። መርጫውን ግማሽ ድረስ ውሃ ይሙሉ፣ የተለካውን መድኃኒት ይጨምሩ፣ ያናውጡት፣ የቀረውን ውሃ ይሙሉ። ለመለኪያ ትልቅ ሲሪንጅ ወይም ቁጥር ያለበት ኩባያ ይግዙ። ለዚህ ብቻ ይሁን፣ ወደ ጓዳ አይመለስ። በባዶ እጅ ወይም በእንጨት ማማሰል የለም።

ዓይን ውስጥ ከገባ ሳይዘገዩ በንጹሕ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይታጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስመልስ አያስገድዱት። ወዲያው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፣ የመድኃኒቱን መለያ ወረቀትም ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

ርጭቱ

ነፋሱ ከሚሄድበት ዳር ይጀምሩ። ነፋሱን በጎን አድርገው ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት ዳር ይሂዱ። እንዲህ ከሆነ የተረጨውን አይረግጡም፣ ጉሙም ወደ ፊትዎ አይመጣም።

አፈሙዙን ከስንዴው ጫፍ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው በአንድ ቁመት ይያዙት። ወደ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ የተለመደ ነው፣ ግን መሐሉን ደጋግሞ ጫፉን ይዘላል። ቀጥ አድርገው ይያዙ። መርጫው ሲያልቅ የቆሙበት ቦታ ላይ እንጨት ይትከሉ።

በሞረትና ጅሩ በኩል መደብና ቦይ አውጥቶ የሚዘራ ገበሬ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። በመደብ ማውጫ መሣሪያው የሚወጣው መደብ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በቦዩ እየሄዱ በአንድ ጉዞ አንድ መደብ መርጨት ይቻላል። ስንዴ አይረገጥም፣ መስመርም አይዘለልም። ቦዩ ውስጥ የበቀለውን አረም ግን አይርሱት። ደግሞም ያ ቦይ ውሃውን ወደ ታች፣ ወደ ጀማ ገባሮች ነው የሚወስደው። ዝናብ የከበደበትን ሰማይ እያዩ መርጨት መድኃኒቱን ለታችኛው ሰውና ለከብቱ መጠጥ መላክ ነው።

የጎረቤት ባቄላ

እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። በእኛ አገር ስንዴ ብቻውን አይዘራም። አጠገቡ ባቄላ አለ፣ ምስር አለ፣ ጓያ አለ፣ ተልባ አለ። እነዚህ ሁሉ ሰፋፊ ቅጠል ናቸው። ለቱ ፎር ዲ ከመጭ አይለዩም። የሄደበት ጉም ትንሽ ቢሆንም ባቄላው አናቱ ይጠመዘዛል፣ አበባው ይረግፋል። የዓመት ልፋት ነው የሚሄደው፤ በድንበርተኞች መካከል የሚያመጣው ቅያሜ ደግሞ በሽምግልናም ቶሎ አይበርድም።

ከመርጨትዎ በፊት ድንበርተኛዎን ያነጋግሩ። «ነገ ጠዋት ልረጭ ነው፣ ከብትም ሰውም እንዳይገባ» ይበሉት። ነፋሱ ወደ ባቄላው የሚሄድ ከሆነ አይርጩ። ነፋሱ ቢመችም ከድንበሩ ጥቂት መደቦች ይተዉና በእጅ ይረሙ። እርስዎም ራስዎ ስንዴው ውስጥ ባቄላ ወይም ጎመን ዘር ቀላቅለው ከሆነ እሱም አብሮ እንደሚሞት ይወቁ። ቀፎ ያለው ጎረቤት ካለ ለእሱም ይንገሩ፤ አረሙ ሳያብብ መርጨት ንቦቹንም ያድናል።

ከተረጨ በኋላ

ትርፍ ብጥብጥ ካለ እዚያው ማሳ ላይ ባልተረጨ ቦታ ይጨርሱት። መርጫውን ሦስት ጊዜ ያለቅልቁ፣ የእጣቢውንም ውሃ ማሳው ላይ ይርጩ። ቱ ፎር ዲ መርጫ ውስጥ፣ በተለይ ቱቦውና ማጣሪያው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በዚያው መርጫ መስከረም ላይ የባቄላ ተባይ መድኃኒት የረጨ ሰው ባቄላውን በገዛ እጁ ይጎዳል። አቅም ካለ ለፀረ አረም የተለየ መርጫ ይያዙ፤ ወንድማማቾች ወይም ድንበርተኞች ተባብረው ቢገዙም ያዋጣል። ካልሆነ በሳሙና ውሃ ሞልተው ያሳድሩና በማግሥቱ በአፈሙዙ በኩል አስወጥተው እንደገና ያለቅልቁ።

ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው እጣቢውን መርጫው ውስጥ ይጨምሩ። ከዚያ ይብሱት። ለጠላ፣ ለዘይት፣ ለጋዝ፣ ለውሃ አይሆንም። ሰውነትዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ልብሱ ከቤተሰብ ልብስ ጋር አይታጠብ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ልንገርዎ። ክረምት ላይ መኖ ስለሚያጥር ከስንዴ ውስጥ የተነቀለ አረም ለላምና ለበሬ ይሰጣል። ርጭቱ የሚደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፍልሰታ ሲቃረብ ወይም ሲገባ ነው። ያኔ ከማሳ ጎመን ለቅሞ መቀቀል የተለመደ ነው። ከተረጨ ማሳ አረም ለከብት አይነቀል፣ ጎመንም አይለቀም። ይህን ለቤተሰቡ ሁሉ፣ በተለይ ለሚያርሙትና ለሚለቅሙት ሴቶችና ልጆች አስቀድመው ይንገሩ። ለከብት ስንት ቀን እንደሚቆይ ወረቀቱ ላይ አለ። ሰውም ቢሆን ሁለት ቀን ሳይሞላ ማሳው ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

አረሙ በማግሥቱ አይሞትም። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ አናቱ ወደ ታች መታጠፍና ግንዱ መጠማዘዝ ይጀምራል። ቢጫ ሆኖ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ በብርድ አገር ከዚያም ሊቆይ ይችላል። በሳምንቱ «አልሞተም» ብሎ ደግሞ የሚረጭ ሰው ስንዴውን ነው የሚመታው። ረጭተው በሁለት ሰዓት ውስጥ ዝናብ ቢወርድ እንኳ ወዲያው አይድገሙ። ሳምንት ጠብቀው አረሙ መጠማዘዙን ይዩ። ካልተጠማዘዘ ስንዴውን ነቅለው እንደገና ይሰንጥቁ። አንጓ ካልያዘ ያመለጠውን ቦታ ብቻ ይርጩ፤ ከያዘ ወንፈል ጠርተው በእጅ ይረሙ።

ዩሪያ የሚጨምሩ ከሆነ ከርጭቱ በኋላ ጥቂት ቀን ቆይተው ይበትኑ። ቀድመው ከበተኑት ሊሞት ያለ አረም ነው የሚቀልቡት።

መስከረም ላይ አንድ ጊዜ ማሳውን ይዙሩ። ከርጭት ያመለጠ መጭ ቢጫ አበባውን አውጥቶ ከስንዴው በላይ ይታያል፣ ሲናሩም ዛላውን ያወጣል። ፍሬው ሳይረግፍ በእጅ ነቅለው ከማሳው ያውጡት። ለዘር የሚይዙትን ስንዴ ደግሞ ከጸዳው በኩል ለይተው ይጨዱ።